ገዳዩን ያላየው ሹም

በመሥሪያ ቤታችን አብሮኝ የሚሠራ አንድ ወዳጄ ያዋስሁትን መጽሐፍ በመለሰልኝ ጊዜ፥ «ሦስት ሌሊት እንቅልፍ ከነሣኝ በኋላ ገዳዩን ሳያስይዝልኝ ቀረ፤ ታዲያ ይህ ምን ድርሰት ይባላል?» ሲል አማረረኝ። ቅሬታው የእርሱ ብቻ አይደለም። መጽሐፉ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2005 ከታተመ፥ ፊልሙም በ2007 ከወጣ ወዲህ ብዙ አንባቢና ብዙ ተመልካች ይህንኑ አቤቱታ አሰምቷል። እኔ አቤቱታውን እቀበላለሁ፤ ፍርዱን ግን አልቀበልም።

ደራሲው በ1933 ተወልዶ በ2023 ያረፈው አሜሪካዊው ኮርማክ ማካርቲ ነው። የመጽሐፉ ስም ከአየርላንዳዊው ባለቅኔ ከዬትስ ግጥም የተወሰደ ሲሆን፥ ወደ ቋንቋችን ቢመለስ «ለሽማግሌ የማይሆን አገር» እንደ ማለት ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ1980 በቴክሳስ ግዛት፥ ከሜክሲኮ ወሰን በሚዋሰነው በቴረል ወረዳ ነው። ወረዳው ደራሲው የፈጠረው አይደለም። ስፋቱ ከ6,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ፥ በዚያን ዘመን ነዋሪው 2,000 እንኳ የማይሞላ፥ ደረቅ የግጦሽ አገር ነው። በዚህ ሁሉ ምድር ላይ ሕግ የሚያስከብሩት ሸሪፉና ጥቂት ረዳቶቹ ናቸው። ሸሪፍ ማለት ደግሞ የወረዳው ሕዝብ በየአራት ዓመቱ በድምፁ የሚመርጠው የጸጥታ ሹም ነው እንጂ ከበላይ ተሾሞ የሚላክ አይደለም። አንባቢ ይህን ልብ ይበልልኝ፤ ኋላ የምለው በዚህ ላይ የቆመ ነውና።

ነገሩ የሚጀመረው እንዲህ ነው። ሉዊሊን ሞስ የሚባል፥ በቬትናም ዘምቶ የተመለሰ የብየዳ ሠራተኛ ለአደን በወጣበት ምድረ በዳ ዕፅ ነጋዴዎች ከተፋጁበት ስፍራ ይደርሳል። ከዚያም 2.4 ሚሊዮን ዶላር የያዘ ቦርሳ አግኝቶ ይዞ ይሄዳል። ገንዘቡን ፍለጋ የሚከተለው አንቶን ሺጉር፥ በቄራ ከብት የሚጣልበትን በታመቀ አየር የሚሠራ መሣሪያ ይዞ የሚዞር፥ አንዳንዱን ሰው ደግሞ ሳንቲም ወርውሮ በዕጣ የሚገድል ወይም የሚምር ሰው ነው። ሸሪፉ ኤድ ቶም ቤል ሞስን ለማዳን፥ ሺጉርን ለመያዝ ይወጣል። ለረዥም ዘመን ገዳዩ ያልታወቀ ሬሳ ታይቶ በማያውቅበት ወረዳ በአንድ ሳምንት ውስጥ ዘጠኝ ይቆጠራል።

ይህን አደን የመረመረ ሰው የሚያስተውለው፥ አዳኙና ታዳኙ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ፊት ለፊት አለመገናኘታቸውን ነው። ቤል የሚደርሰው ሁልጊዜ ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። የኮኤን ወንድማማቾች ያዘጋጁት ፊልም ይህን በአንድ ትዕይንት አሳምሮ አሳይቶታል። ሸሪፉ ከሞስ ቤት ሲገባ ገዳዩ ጠጥቶ የተወው የወተት ጠርሙስ ከቅዝቃዜው ገና ላብ እንዳወጣ ነው። ወጣቱ ረዳት ዌንደል ቶሎ እንከተለው እያለ ይቁነጠነጣል፤ ሽማግሌው ግን ገዳዩ ተነሥቶ ከሄደበት መቀመጫ ላይ ተቀምጦ ከዚያው ወተት ቀድቶ ይጠጣል። ቶሚ ሊ ጆንስ በዚህ ቦታ አንዲት ቃል ሳይጨምር የሰውየውን ድካም ሁሉ አሳይቷል።

በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡት ሞስ ከተገደለ በኋላ፥ በቫን ሆርን ሞቴል ነው። ቤል ሌሊት ብቻውን ተመልሶ ክፍሉን ሲመረምር ሺጉር ከውጭ መኪና ውስጥ ተቀምጦ ይመለከተዋል። ሸሪፉ ሲወጣ የሰውየውን መኖር ይጠረጥራል፤ ሆኖም ከመኪና ወደ መኪና እየሄደ አይፈትሽም። ራቅ ብሎ ረዳት ይጠራል። ፖሊሶቹ ሲደርሱ ሰው የለም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን አድራጎት ጥንቃቄ ይለዋል። ቤል ግን እንደዚያ ብሎ ሊተኛበት አልቻለም፤ የመጽሐፉም ቁልፍ ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሸሪፉ ሥራውን ለመልቀቅ ሲወስን ወደ አጎቱ ወደ ኤሊስ ይሄዳል። ኤሊስ በሥራ ላይ ሳለ ጥይት አካሉን ሰንክሎት በተሽከርካሪ ወንበር የቀረ የቀድሞ የሸሪፍ ረዳት ነው። ቤል በዚያ ቤት ለብዙ ዓመት አፍኖ የያዘውን ይናገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጓደኞቹ ጋር የተጠለለበት የገበሬ ቤት በመድፍ ፈረሰባቸው። እርሱ በመትረየስ ጠላትን እስኪመሽ ከለከለ፤ ከጨለመ በኋላ ግን ከፍርስራሹ ሥር ያሉትን ጓደኞቹን ትቶ ሸሸ። ስለዚያ ቀን ውጊያ የነሐስ ኮከብ ኒሻን ተሰጠው። አገሩም ኒሻኑን አይቶ አከበረው፤ የሸሪፍነቱንም ሥራ ያልከፈለውን ዕዳ የሚከፍልበት አድርጎ ያዘው።

እንግዲህ የሞቴሉን ሌሊት ከዚህ ጋር አያይዘን እንመልከት። ወደ ጨለማው መሄድና አለመሄድ ለሁለተኛ ጊዜ ቀረበለት፤ ለሁለተኛ ጊዜም አልሄደም። ልዩነቱ፥ በመጀመሪያው ጊዜ ዝም ብሎ ክብሩን መቀበሉ፥ በሁለተኛው ጊዜ ግን ሕዝብ በድምፁ የሰጠውን ሹመት መመለሱ ነው። ፊልሙ ይህን ኑዛዜ ቆርጦ አውጥቶታል። አራት የኦስካር ሽልማት ላገኘ ፊልም ነቀፌታዬ ከቁም ነገር ላይቆጠር ይችላል፤ ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ኑዛዜው ሲቀር ቤል በእርጅና የታከተ ደግ ሽማግሌ ብቻ ይሆናል፤ ሥራ መልቀቁም ጡረታ ከመውጣት አይለይም።

ይህን ስል ቤልን ነጻ ማውጣቴ አይደለም። የሞስ ሚስት ካርላ ጂን አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቤል ባሏን ለማዳን እንደሚፈልግ ነግሮ አግባብቷት ነበር። ባሏ ከሞተ በኋላ ሺጉር ከቤቷ ገብቶ፥ ሳንቲሙን ወርውሮ ይገድላታል፤ ከደጇ ላይ አንድ ዘበኛ የቆመ የለም። የሸሪፉን ኅሊና በብዙ ገጽ የሚመረምር ደራሲ በዚህች ልጅ ጉዳይ ላይ ለምን እንዲህ እንደ ቸኮለ አልገባኝም። ሺጉርም ቢሆን በአንዳንድ ቦታ ሰውነቱን ትቶ ዕድል ራሷ ሰው ሆና የመጣች ይመስላል፤ እንዲህ ያለውን ደግሞ አለመያዝ ማንንም ሹም አያስወቅስም።

አንድ ትንሽ ስሕተትም ልጠቁም። ቤል ገና በመጀመሪያው ገጽ፥ በሀንትስቪል በመርዝ ጋዝ ስለ ተገደለ አንድ ወጣት ይናገራል፤ ቴክሳስ ግን በመርዝ ጋዝ ገድላ አታውቅም። መሣሪያዋ በመጀመሪያ ገመድ፥ ከ1924 ጀምሮ የኤሌክትሪክ ወንበር፥ ከ1982 ወዲህ ደግሞ መርፌ ነው።

መጽሐፉን በእንግሊዝኛ ለማንበብ የሚነሣ ተማሪ ንግግርን ከትረካ የሚለይ ትእምርተ ጥቅስ እንደማያገኝ አስቀድሞ ይወቀው። በየምዕራፉ መግቢያ የሚገኘውን፥ ቤል በራሱ አንደበት የሚናገረውን ክፍል ግን ዘልሎ እንዳያልፍ አደራ እላለሁ። ቤል በዚያ ስለ ዘመኑ ወጣት አብዝቶ ያማርራል፤ ይህንንም የደራሲው አስተያየት አድርጎ የሚወስድ አንባቢ አይጠፋም። ነገር ግን ኤሊስ፥ ይህ አገር ከጥንት ጀምሮ በሰው ላይ የጨከነ መሆኑን እያነሣ ሲመልስለት እናያለን፤ ቤልም የሚረታ መልስ አላገኘም።

የአደኑ የመጨረሻ ክር የሚበጠሰው በአንድ ልጅ እጅ ነው። ሺጉር ከካርላ ጂን ቤት ሲመለስ መኪና ገጭቶት ክንዱ ተሰብሮ ነበር፤ አንዱን ልጅ ሸሚዙን ጠይቆ፥ ገንዘብ ሰጥቶ፥ ክንዱን አንጠልጥሎ በእግሩ ይሄዳል። ቤል ያንን ልጅ አስቀምጦ ቢጠይቀው እውነቱን አልነገረውም። ወዳጄ ይህን ክፍል በችኮላ እንዳለፈው ስላመነልኝ መጽሐፉን እንደገና ሰጥቼዋለሁ፤ የኤሊስን ምዕራፍ ሁለት ጊዜ እንዲያነብ ብዬው እስካሁን አልመለሰልኝም።