ጽጽቃ በስንት ፊደል ትገኛለች? የጎግልን መመሪያ ከዋግ ኽምራ ሆነን ስናነበው

ስልካችሁን አውጡና ጎግል ላይ ‹ጽጽቃ› ብላችሁ ፈልጉ። ከዚያ አጥፉትና ‹ፅፅቃ› ብላችሁ ድገሙት። ስትጠሩት ያው ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። የመጡላችሁን ውጤቶች ጎን ለጎን አስተያዩና ተመለሱ፤ ወሬያችን ስለዚያ ነው።

ጽጽቃን ለማታውቁ፦ በዋግ ኽምራ ዞን፣ በዝቋላ ወረዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የዞኑ ዋና ከተማ ሰቆጣ ነው። አካባቢው በነጭ ማሩ ስሙ የተጠራ ነው። አሁን አንዲት ወጣት በዓይነ ሕሊናችሁ ሳሉ፦ ጽጽቃ ዙሪያ ካሉ ገበሬዎች ማር ትሰበስባለች፣ ታሽጋለች፣ አነስተኛ ድረ ገጽም ከፍታለች። አዲስ አበባ ያለ ሰው የዋግ ማር ፈልጎ ጎግል ላይ ሲጽፍ እሷን ካላገኘ፣ የሚገዛው ገጹ ቀድሞ ከመጣለት ነጋዴ ነው። ያ ነጋዴ ዋግን ረግጦ ባያውቅም ትርፉ የሱ ነው።

ለእንዲህ ዓይነቷ ልጅ ሁሉም ሰው የሚሰጣት ምክር አንድ ነው፦ ‹ኤስኢኦ ሥሪ›። ገጽሽን የፍለጋ ሞተር እንዲያየው አድርጊ ማለት ነው። የብዙው ምክር መነሻ ደግሞ ጎግል ራሱ በ2008 እ.ኤ.አ. ለጀማሪዎች ያወጣውና በየጊዜው የሚያድሰው መመሪያ ነው። ይህንን መመሪያ ከጽጽቃ ሆነን ብናነበው ምን ያህሉ ይሠራል?

መጀመሪያ ምስጋናውን እንስጠው። መመሪያው ገጽን በቅጽበት አንደኛ የሚያደርግ ምስጢር እንደሌለ በግልጽ ይናገራል። ለውጥ ለመታየት ወራት ሊወስድ እንደሚችልም አይደብቅም። ‹በሳምንት ውስጥ አንደኛ ገጽ ላይ አወጣሃለሁ› እያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ካጋጠማችሁ ይህንን ብቻ ብታስነብቡት ይበቃል። በገጹ ኮድ ውስጥ የሚደበቀው የቁልፍ ቃላት ዝርዝርም ለደረጃ እንደማይቆጠር ጎግል ከ2009 ጀምሮ አሳውቋል፤ ዛሬም ያንን ዝርዝር እየሞሉ የሚያስከፍሉ አሉ።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። መመሪያው ሰዎች አንድን ነገር በተለያየ ቃል እንደሚፈልጉ ካስታወሰ በኋላ፣ ሁሉንም አማራጭ አስቀድሞ መገመት እንደማያስፈልግ ይነግረናል። የቋንቋ ሥርዓቱ የረቀቀ ስለሆነ ያገናኘዋል ነው የሚለው። ለእንግሊዝኛ ይህ ማጽናኛ ተገቢ ይመስለኛል። ስለ አማርኛ ፊደል ግን መመሪያው አንድም ቃል አይተነፍስም፤ እኔ የምከራከረውም እዚህ ጋ ነው።

ኮምፒውተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ፊደላት በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ውስጥ ሲገቡ ‹ጽ› 4925 ቁጥርን፣ ‹ፅ› ደግሞ 4933ን ወሰዱ። ለማሽኑ እነዚህ ሁለቱ እንደ ‹በ› እና ‹ተ› ይለያያሉ። የእንግሊዝኛውን ትልቁንና ትንሹን ፊደል አንድ አድርጎ የሚቆጥር ደንብ ዩኒኮድ ውስጥ አለ፤ ጸን ከፀ፣ ሰን ከሠ የሚያጣምር ደንብ ግን የለም። መኖርም የለበትም፣ ምክንያቱም በግዕዝ ልዩነቱ ትርጉም አለው፦ ‹ሰረቀ› ሌብነት ነው፣ ‹ሠረቀ› የፀሐይ መውጣት። ስለዚህ በአማርኛ ማጣመሩ የፍለጋ ሞተሩ ሠሪዎች ራሳቸው አስበውበት የሚሠሩት ሥራ ነው። (ትግርኛ ጎረቤት መሆኑንም አትርሱ። ኤርትራ ውስጥ ጸ፣ እዚህ ትግራይ ውስጥ ፀ ነው የተለመደው።)

እስቲ እንቁጠር። ጽጽቃ ሁለት ጊዜ ጽ ስላላት በአራት መንገድ ትጻፋለች፦ ጽጽቃ፣ ፅፅቃ፣ ጽፅቃ፣ ፅጽቃ። የዞኑ ስም ደግሞ ዋግ ኽምራ፣ ዋግ ህምራ፣ ዋግ ሕምራ ተብሎ ይጻፋል፤ አንዳንዱ ሁለቱን ቃላት ይገጥማቸዋል፣ ስለዚህ ስድስት። ሁለቱን ስሞች አንድ ላይ የሚጽፍ ፈላጊ 24 አማራጭ አለው። ገና ‹የጽጽቃ›፣ ‹ከጽጽቃ›፣ ‹በጽጽቃ› አልገቡም። እንግሊዝኛ ‹ከ› እና ‹የ› የሚሉትን ለብቻቸው ስለሚጽፍ የቦታው ስም አይነካም፤ እኛ ግን ስሙ ላይ እንለጥፋቸዋለን። ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። ነጋ ዓለማየሁና ፒተር ዊሌት የአማርኛ ቃላትን ለመረጃ ፍለጋ ወደ ግንዳቸው ስለ መመለስ ያሳተሙት በ2002 እ.ኤ.አ. ነው። ከሃያ ዓመት በላይ የሚታወቅ ጉዳይ ለጀማሪ በሚሰጥ ምክር ውስጥ አንዲት መስመር ማጣቱ ያናድዳል።

‹እሺ፣ እንግዲያው 24ቱንም ገጿ ላይ ትደርድራቸው› ትሉ ይሆናል። አይሆንም። ቃላትን መደርደር ማጭበርበር ነው ብሎ የሚቀጣው ራሱ ጎግል ነው። አማራጭ አጻጻፉን አትገምቺ ትባላለች፣ ብትደረድረው ትቀጣለች።

ሁለተኛው ትችቴ ስለ ቦታ ስም ነው። ለትንንሽ ንግዶች ሁልጊዜ የሚሰጠው ምክር ‹የከተማህን ስም ጻፍ› የሚል ነው። የትኛውን ስም? ‹ሰቆጣ› ብትል፣ በ2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት የገባው ቃል ‹የሰቆጣ ቃል ኪዳን› ይባላል። ስለሱ የሚጽፉት ሚኒስቴሮችና ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ናቸው። ‹ዝቋላ› ብትል ደግሞ ባሰ፦ ስሙን ከቢሾፍቱ አጠገብ ያለው ተራራና ገዳሙ ይዘውታል። በወረዳዋ ስም የሚፈልጋት ሰው መጀመሪያ የሚደርሰው ኦሮሚያ ውስጥ ካለ ተራራ ላይ ነው!

ለምን እንደዚያ ይሆናል? የጎግል መሥራቾች በ1998 ያቀረቡት ዋና ሐሳብ ቀላል ነው፦ አንድ ገጽ ወደ ሌላ ገጽ ሊንክ ሲሰጥ ድምፅ እንደ ሰጠው ይቆጠራል፣ የድምፁም ክብደት በሰጪው ክብደት ይወሰናል። ዛሬ ሌላ ብዙ መለኪያ ተጨምሯል፤ ይኸኛው ሐሳብ ግን አልጠፋም። ትልልቅ ተቋማት እርስ በርሳቸው ይጠቋቆማሉ። ሦስት ገጽ ያላት የማር ሻጭ ከዚያ ጋር በ‹ሰቆጣ› ስም ብትፎካከር አቅሟን ማባከን ነው።

እዚህ ጋ ከጎግል የሚበልጥ ዕድሜ ያለው አንድ ሐሳብ ይጠቅመናል። ካረን ስፓርክ ጆንስ በ1972 እ.ኤ.አ. እንዳሳየችው፣ በጥቂት ሰነዶች ብቻ የሚገኝ ቃል በሁሉም ሰነድ ከሚገኝ ቃል ይልቅ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ‹ማር› ሚሊዮን ቦታ አለ። ‹ጽጽቃ› ግን ጥቂት ቦታ ነው ያለው። የልጅቷ ትልቁ ሀብት ማንም ያልያዘው የከተማዋ ስም ነው ማለት ነው። የሚያሳዝነው፣ ያ ብርቅ ቃል በአራት አጻጻፍ መበተኑ ነው።

ስለዚህ እኔ ብሆን መመሪያውን እንዲህ አርሜ እሰጣታለሁ። አንድ አጻጻፍ ምረጪና በገጹ ርዕስ፣ በአድራሻውና በፎቶዎቹ መግለጫ ሁሉ በሱ ጽኚ። ‹ስለ እኛ› በሚለው ገጽ ላይ፣ ሰው በሚያነበው ዓረፍተ ነገር ውስጥ፣ ‹ፅፅቃ ተብላም ትጻፋለች› በዪ፤ አንዴ ይበቃል። ቢያንስ አንድ ቦታ ስሙን ያለ ‹የ› እና ያለ ‹ከ› ለብቻው አስቀምጪው። ‹የጽጽቃ ነጭ ማር› የሚለውን ፖስተር ላይ ብቻ አትጻፊው፣ በጽሑፍም ይኑር፤ ለፍለጋ ሞተር ከሥዕል ጽሑፍ ይቀለዋል። ዋጋ ዝርዝሩ ከዩኒኮድ በፊት በነበሩት እንደ ፓወር ግዕዝ ባሉ ፊደላት ከተጻፈም መልሰሽ ጻፊው፤ ለዓይን ጽጽቃ ይመስላል እንጂ ከሥሩ ያሉት የላቲን ቁጥሮች ናቸው።

ጎግል ካርታ ላይ መመዝገብ ነፃ ነው፣ ትመዝገብ። ሆኖም እዚያ ደረጃ ከሚወስኑት አንዱ ርቀት ነው፤ ገዢዋ አዲስ አበባ ስለሆነ ብዙ አትጠብቅበት። እኔ የበለጠ ተስፋ የማደርገው በሊንክ ነው። ሰቆጣ ውስጥ የግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ወረዳውና ዞኑ ጽሕፈት ቤቶች አሏቸው። ስለ ማር ወይም ስለ ንግድ ከሚያወጧቸው ገጾች በአንዱ ላይ የልጅቷን ድረ ገጽ ሊንክ ቢያስገቡ ምንም አያስወጣቸውም፤ ለእሷ ግን ከመቶ የፌስቡክ ‹ላይክ› ይሻላታል። እስከዚያ ድረስ አራቱን አጻጻፎች በየወሩ እየፈለገች ገጿ በየትኛው ስንተኛ እንደሚወጣ ደብተር ላይ ትመዝግብ። ሦስቱ አጻጻፎች ላይ ከጠፋች ‹ተብላም ትጻፋለች› የሚለው ዓረፍተ ነገር ከ‹ስለ እኛ› ወጥቶ ፊት ገጹ ላይ መምጣት አለበት።