ዕዳ የወለደው አልበም፦ የጂሚ ሄንድሪክስ «ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ»

ጂሚ ሄንድሪክስ ገና ስም ሳያወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1965፣ ኤድ ቻልፒን ከተባለ የኒው ዮርክ ፕሮዲውሰር ጋር የሦስት ዓመት ውል ፈረመ። በእጁ የገባው አንድ ዶላር ነበር፤ ከሽያጭ የሚደርሰው ድርሻ ደግሞ አንድ በመቶ። ዝናው ሲናኝ ቻልፒን ውሉን ይዞ ብቅ አለ። ክርክሩ አሜሪካ ውስጥ በስምምነት ሲቋጭ፣ ሄንድሪክስ አንድ አዲስ አልበም ለአሳታሚው ኩባንያ ለካፒቶል ሬከርድስ እንዲያስረክብ ግድ ሆነበት። ስቱዲዮ ውስጥ አንዱን ዘፈን ደጋግሞ እየቀዳ የማይረካ ሰው በመሆኑ፣ ዕዳውን በኮንሰርት ለመክፈል ወሰነ። ዲሴምበር 31 ቀን 1969 እና በማግሥቱ፣ ኒው ዮርክ በነበረው የኮንሰርት አዘጋጁ የቢል ግራሃም አዳራሽ ፊልሞር ኢስት፣ ከቤዝ ጊታር ተጫዋቹ ቢሊ ኮክስና ከድራመሩ ባዲ ማይልስ ጋር በየምሽቱ ሁለት ጊዜ መድረክ ላይ ወጣ። «ባንድ ኦፍ ጂፕሲስ» ከሁለተኛው ምሽት በተመረጡ ስድስት ዘፈኖች ተዘጋጅቶ በማርች 1970 ወጣ። ሄንድሪክስ በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ በ27 ዓመቱ ስለሞተ፣ በሕይወት ሳለ የታተመ የመጨረሻ አልበሙ ሆኖ ቀረ።

ይህ የአፈጣጠር ታሪክ ስለ አልበሙ የተሰጠውን ሂስ ሲጫነው ኖሯል። ለግዴታ የተሠራ፣ ጥድፊያ የበዛበት፣ በድራመሩ ክብደት የተጎተተ ሥራ ተደርጎ ተደጋግሞ ተነግሯል። ሄንድሪክስ ራሱም በቂ ዝግጅት እንዳላደረጉና በውጤቱ እንዳልረካ ተናግሯል። የሠሪው ቅሬታ ግን ለሐያሲ መነሻ እንጂ ብይን አይደለም። የእኔ መከራከሪያ ይህ ነው፦ በአልበሙ ላይ እንደ ድክመት የሚቆጠረው የከበሮ ክብደት፣ ሄንድሪክስ ከዚያ በፊት ያልደረሰበትን አጨዋወት ያስቻለው መሠረት ነው።

ንጽጽሩን ከቀድሞው ባንዱ ከ«ኤክስፒሪየንስ» መጀመር ይቻላል። እንግሊዛዊው ድራመር ሚች ሚቸል ጃዝ የገራው እጅ ነበረው፤ ጊታሩ አንድ ሐረግ ሲጥል ወዲያው ይመልስለታል፣ ይቀድመዋል፣ ያሳድደዋል። ውጤቱ የሚያስደስት ነው፤ ሆኖም ጊታሩ ብቻውን የሚቆምበት ቦታ ጠባብ ነበር። ማይልስ ከዚህ የተለየ ድራመር ነው። የያዘውን ምት አይለቅም። ኮክስም አጭር የቤዝ ሐረግ ይዞ ደቂቃዎችን ይዘልቃል። ኮክስና ሄንድሪክስ የተዋወቁት በ1961 ኬንታኪ በሚገኘው ፎርት ካምቤል የጦር ሰፈር፣ ሁለቱም ወታደር ሳሉ ነው፤ መተማመናቸው ከዝናው በፊት የነበረ ነው ማለት ነው። «ሁ ኖውስ» የተባለውን የመጀመሪያ ዘፈን ያዳመጠ፣ ዘጠኝ ደቂቃ ተኩል ገደማ በአንድ ሐረግ ላይ ሲሽከረከር ይሰማል። የሮክ ጆሮ ይህን እንደ መደጋገም ሊቆጥረው ይችላል። በሪትም ኤንድ ብሉዝና በፈንክ ላደገ ጆሮ ግን መደጋገሙ ራሱ ሙዚቃው ነው፤ ሄንድሪክስም ስም ከማውጣቱ በፊት በጥቁር አሜሪካውያን ባንዶች ውስጥ በአጃቢነት ሲጫወት የኖረ ሰው ነበር።

ይህ መሠረት የተሸከመው ትልቁ ነገር «ማሽን ገን» ነው። ከአሥራ ሁለት ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሄንድሪክስ ዘፈኑን በቺካጎ፣ በሚልዋኪና በኒው ዮርክ ለሚፋለሙት ወታደሮች ካበረከተ በኋላ ነው በቬትናም ያሉትን የሚያክለው። ቅደም ተከተሉን ልብ ይሏል፦ ጦርነቱን መጀመሪያ ያየው በገዛ አገሩ ከተሞች ውስጥ ነው። ወጣቶችን ለውትድርና የሚመለምለው ዕጣ በአሜሪካ ቴሌቪዥን ከወጣ ገና አንድ ወሩ ነበር፤ በአዳራሹ የነበሩት ወጣቶች ብዙዎቹ የዕጣ ቁጥራቸውን ያውቁ ነበር ብሎ ማሰብ አይከብድም። ማይልስ በከበሮው ሩምታውን ይተኩሳል። ጊታሩም አብሮ ይተኩሳል፤ እዚህ ድረስ የድምፅ ማስመሰል ነው፣ ብልሃተኛ ጊታሪስት ሁሉ ይደርስበታል። ሶሎው ሲጀምር ግን ነገሩ ይለወጣል። ሄንድሪክስ አንድ ከፍ ያለ ኖታ ይመታና አይለቀውም። ዩኒቫይብ፣ ፈዝ ፌስና ኦክታቪያ በተባሉት የጊታር ድምፅ መለወጫዎች ውስጥ ያለፈው ድምፅ ይርገበገባል፣ ይሻክራል፣ ግን አይወድቅም። ከሥሩ ቤዙና ከበሮው ባሉበት ይሄዳሉ። የሚሰማው የአልቃሽ ድምፅ ነው፤ ለቅሶ ቤት የሙሾ አውራጅዋ ድምፅ ከለቀስተኛው በላይ ከፍ ብሎ የሚቆየው፣ ታች ያለው ሕዝብ ምቱን ስለያዘላት ነው። ሚቸል ቢሆን ያንን ኖታ ዝም ብሎ አያልፈውም ነበር። በጥቁርና ነጭ የተቀረፀው የዚያ ምሽት ምስልም ይህን ያጠናክራል። በጥርሱ ጊታር በመምታት የታወቀው ሰው፣ እዚህ አንድ ቦታ ቆሞ ዓይኑ ሥራው ላይ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ከዚህ ከፍታ ይወርዳል። «ፓወር ቱ ላቭ» በጊታርና በቤዝ የጋራ ሐረጎቹ ጠንካራ ነው፤ «ሜሴጅ ቱ ላቭ»ም ተስተካክሎ የተሠራ ነው። ማይልስ የደረሳቸውና የሚዘፍናቸው ሁለቱ ግን፣ በተለይ ማሳረጊያው «ዊ ጋታ ሊቭ ቱጌዘር»፣ በመድረክ ላይ ሕዝቡን ያስጨፈሩትን ያህል በሸክላ ላይ አይቆሙም። ማይልስ በድምፁ ታዳሚውን ለማነሣሣት ሲሞክር ጊታሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ድራመርነቱን ያወደሰ ሐያሲ ድምፃዊነቱንም እንዲያወድስ አይገደድም።

በ2019 አራቱም ዝግጅቶች በአንድ ስብስብ መታተማቸው ለዚህ ክርክር አዲስ ማስረጃ አቅርቧል። ሄንድሪክስ ከድምፅ መሐንዲሱ ኤዲ ክሬመር ጋር ተቀምጦ ምን እንደጣለ አሁን ማየት ይቻላል። «ፐርፕል ሄዝ»ን፣ «ቩዱ ቻይልድ»ን፣ «ፎክሲ ሌዲ»ን መድረክ ላይ ተጫውቷቸው ነበር፤ ለገበያ የሚበጁት እነዚህ ነበሩ፣ አንዱንም አላስገባም። የማይልስን ረጃጅም የድምፅ ጨዋታዎች ቆራርጧል። «ማሽን ገን»ን በአራቱም ዝግጅቶች ተጫውቶት፣ የመረጠው የሦስተኛውን ነው፤ ሌሎቹን ያዳመጠ ሰው በምርጫው ላይ ብዙ የሚከራከር አይመስለኝም። ዕዳ ለመክፈል ብቻ የሚሠራ ሰው አዲሶቹን ዘፈኖች ትቶ የታወቁትን ያስረክብ ነበር።