ከድሉ መስመር ባሻገር፦ «ኢንዱራንስ» እና የኃይሌ ሁለተኛ ሩጫ

አንድ ሰው የራሱን ሕይወት ራሱ እየተጫወተ በፊልም ሲቀርብ፣ ተመልካቹ ታሪኩን ብቻ ሳይሆን ፊቱንም ያምናል። በ1991 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲኒማ ቤቶች የታየው የሌስሊ ውድሄድ ፊልም «ኢንዱራንስ» ለዚህ ሁነኛ ምሳሌ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ራሱን ሆኖ ይታያል፤ ልጅነቱን የተጫወተውም የሥጋ ዘመዱ ነው። የአርሲ ማሳ፣ የእናት ሞት፣ ሩጫን ያልወደደው አባት፣ ሁሉም በ1988 ዓ.ም. ወደተገኘው የአትላንታ የ10,000 ሜትር ድል ያመራሉ።

የፊልሙ ብርታት ከዚህ እውነተኛነት ይመነጫል። ድካሙም ከዚያው አይርቅም። ድልን ከሁሉ በላይ የአንድ ሰው ፈቃድ ፍሬ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ «የጸና ሁሉ ያሸንፋል» የሚል እጅግ የቀለለ ትምህርት ትቶ ያልፋል።

የባለታሪኩ የኋላ ሕይወት ይህን ትምህርት ይፈትነዋል። ሯጩ ሕንፃ አሠራ፤ በሐዋሳና በሌሎች ከተሞች ሆቴሎች ከፈተ፤ በመኪና ንግድም ተሰማራ። ይህ በአመዛኙ ከፊልሙ በኋላ የመጣ በመሆኑ፣ ፊልሙ ስላላሳየው ሊወቀስ አይገባም። ልዩነቱን ማስተዋል ግን ያሻል። የአትላንታው ውድድር በ27 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ተፈጸመ፤ ሆቴል የመጨረሻ መስመር የለውም። ዝነኛ ስም እንግዳን ለአንድ ሌሊት ይጠራል፤ ዳግመኛ የሚመልሰው ግን የአልጋ አንጣፊዋ፣ የወጥ ቤት ሠራተኛዋና የዘበኛው ትጋት ነው። በሰኔ 2012 ዓ.ም. ሁከት የሻሸመኔና የዝዋይ ሆቴሎቹ ሲቃጠሉ የነደደው የአንድ ጀግና ሀብት ብቻ አልነበረም፤ የሠራተኞቹም እንጀራ ነበር። የድራማው እውነተኛ ግጭት እዚህ ላይ ይጀምራል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ ከእሳት በላይ የሚያውለው ግን የብዙዎች እጅ ነው።

ከወረታ ወደ ወልድያ በሚያልፈው ጎዳና ላይ ለምትገኘው ንፋስ መውጫ ይህ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። በጋይንት ደጋም ደብተሩን ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሚሮጥ ልጅ አለ፤ በብርድ ለመጣ መንገደኛ ከንጋት በፊት ምድጃ የምታነድ ባለ ምግብ ቤትም አለች። ለልጁ የሜዳሊያ ተረት ብቻ የሚነግረው መምህር ግማሹን እውነት ይሰውርበታል፤ ሴትዮዋን ፊቷ ስላልታወቀ ብቻ የሚያልፋት ጸሐፌ ተውኔትም እንዲሁ።

እንግዲህ የሥነ ጽሑፍና የቴአትር ባለሙያዎች ከ«ኢንዱራንስ» እውነተኛ ሰውን በእውነተኛ መሬቱ ላይ ማቆምን ይማሩ፤ ጭብጨባው ካበቃበት ሥፍራም የራሳቸውን ሥራ ይጀምሩ።