አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ለጀማሪ ምን ያስተምራሉ

ክርስቲያን ምን እንደሚያምንና በምን ምግባር እንደሚኖር ለሚጠይቅ ሰው በቤተ ክርስቲያናችን አስቀድሞ የሚሰጠው ትምህርት አምስቱ አዕማደ ምሥጢር ነው። እሊህም ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባንና ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን ናቸው። መምህራን ቍጥሩን ቅዱስ ጳውሎስ በመጀመሪያይቱ የቆሮንቶስ መልእክት በምዕራፍ 14 ስለ አምስት ቃላት ከተናገረው ጋራ ያያይዙታል። ይህን ትምህርት ብዙ ሰው በቃሉ ይዞታል፤ እንደ ድርሰት መርምሮ አሠራሩን የሚመዝነው ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ውበቱ ከምን ላይ እንደ ሆነ፣ ሲያስተምሩትም ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ምን እንደ ሆነ ልናመለክት ወደድን።

አስቀድሞ ተራውን እንይ። በመጀመሪያው ዓምድ እግዚአብሔር በባሕርዩ እንዳለ ይነገራል፤ በሁለተኛው ወደ ሰው ይመጣል፤ በሦስተኛው ሰው ከእርሱ ይወለዳል፤ በአራተኛው የተወለደው ይመገባል፤ በአምስተኛው ከሞት ተነሥቶ ለዘለዓለም ይኖራል። ከእሊህ አንዱን ከስፍራው ቢያነሡት ሌላው ይወድቃል፤ ያልተወለደ አይመገብምና፣ አምላክም ሰው ካልሆነ የሚበላ ሥጋ፣ የሚጠጣ ደም የለምና። መልካም ቅኔ ቤቱ ከቤቱ ተሳስሮ አንዱ ሌላውን እንደሚጠብቅ ይህም እንዲሁ ነው።

ከጸሎተ ሃይማኖት ጋራ ብናስተያየው ደግሞ አንድ ነገር ይገለጥልናል። በፈረንጆች አቈጣጠር በ325 ዓመተ ምሕረት 318ቱ ሊቃውንት በኒቅያ፣ በ381 ዓመተ ምሕረትም 150ው ሊቃውንት በቍስጥንጥንያ የወሰኑት ቃል ስለ ጥምቀትና ስለ ሙታን መነሣት በግልጥ ይመሰክራል፤ ቁርባንን ግን በስሙ አይጠራውም። ያ ቃል የአርዮስንና የመቅዶንዮስን ክሕደት ለመዝጋት የቆመ ቅጥር ነውና። አዕማዱ ግን በቅጥሩ ውስጥ ላለው ቤተ ሰብ የተሠሩ ስለ ሆኑ ማዕዱን ሳይጠሩ አላለፉም።

ሁለተኛው ነገር ምሳሌው ነው። ለሥላሴ ምሳሌ ፀሐይ ከክበቡ፣ ከብርሃኑና ከሙቀቱ ጋራ ይጠቀሳል። ይህ አንድነትን በመልካም ያሳያል፤ ነገር ግን ብርሃንና ሙቀት የየራሳቸው አካል የላቸውም፤ አብ ወልድ መንፈስ ቅዱስ ግን ፍጹማን አካላት ናቸው። ስለ ሥጋዌ የሚነገረው የጋለ ብረት ምሳሌም ብረቱ ብረትነቱን፣ እሳቱም እሳትነቱን ሳይለቅ አንድ መሆናቸውን ስለሚያሳይ እጅግ ያማረ ነው፤ ሆኖም ብረቱ በቀዘቀዘ ጊዜ እሳቱ ይለየዋል፤ መለኮት ግን ከትስብእት ከቶ አይለይም። መምህር ምሳሌውን አምጥቶ ወሰኑን ሳይናገር ቢያልፍ ተማሪው ሰሙን ወርቅ ነው ብሎ ይዞ ይቀራል። ሰም ቀልጦ ወርቁ እስኪወጣ ድረስ ትምህርቱ አልተፈጸመም።

ሦስተኛው ነገር ከሁሉ የሚከብደው ነው። ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ በሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ባገኘው ጊዜ አስቀድሞ የጠየቀው የሚያነበውን ያስተውል እንደ ሆነ ነበር፤ ጥምቀቱም ከትምህርቱ በኋላ መጣ። እኛ ግን ወንዱን በ40፣ ሴቲቱን በ80 ቀን እናጠምቃለን። ስለዚህ በፊታችን ተቀምጦ የሚማረው ልጅ እንግዳ አይደለም፤ ርስቱን ሳያውቅ የወረሰ ባለርስት ነው እንጂ። ለእንዲህ ያለው ልጅ የርስቱን ስም ማስጠናት ብቻ ይበቃዋልን? ወሰኑን ዞሮ ሊያሳዩት፣ እንዴት እንደሚታረስም ሊያስተምሩት ይገባል።

እነሆ ጉድለቱ ከዚህ ላይ ነው። ሃይማኖቱ በአምስቱ አዕማድ ይነገርና ምግባሩ በዐሠርቱ ትእዛዛትና በስድስቱ ቃላተ ወንጌል ተለይቶ ለሌላ ቀን ይቈያል፤ ልጁም አንዱ ከሌላው እንደሚወለድ ሳያውቅ ያድጋል። በእያንዳንዱ ዓምድ መጨረሻ ግን እንግዲህ ምን ላድርግ የሚል አንድ ጥያቄ ቢጨመር ምሥጢሩ ራሱ ይመልሳል። ከአንድ ማሕፀነ ዮርዳኖስ የተወለዱ ጌታና ሎሌ ወንድማማች ናቸው። ከአንድ ኅብስት የተቀበለም ባልንጀራውን ርቦት ሊያሳድረው አይገባም፤ ጳውሎስ የቆሮንቶስን ሰዎች የገሠጻቸው አንዱ እየተራበ ሌላው ስለ ሰከረ ነውና።

በመጨረሻው ዓምድ ነገሩ ሁሉ ይጠቀለላል። በማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈው የሚመጣው ዳኛ የሚጠይቀው ስለ ተራበ፣ ስለ ተጠማ፣ ስለ እንግዳ፣ ስለ ታረዘ፣ ስለ ታመመና ስለ ታሰረ ነው። እንግዲያውስ ምሥጢር ማወቅ ምን ይጠቅማል የሚል ቢኖር መልሱ ይህ ነው፦ ለድኻው የተደረገው ለክርስቶስ የተደረገ ሊባል የቻለው አምላክ በእውነት የእኛን ሥጋ ስለ ለበሰ ነው። ምሥጢረ ሥጋዌ ሐሰት ቢሆን ምጽዋት ቸርነት ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር። ስለዚህ ሃይማኖት የምግባር ወርቅ ነው፤ ምግባርም ወርቁ የሚታወቅበት ሚዛን ነው።

መምህራን ሆይ፣ አዕማዱን አጽንታችሁ አቁሙ፤ ነገር ግን ዓምድ የሚቆመው ጣራ ሊሸከም፣ ከጣራውም በታች ሰው ሊጠለል መሆኑን አትርሱ። የሰማነውን አስተውለን፣ ያስተዋልነውን ሠርተን እንድንገኝ እግዚአብሔር በቸርነቱ ይርዳን፤ አሜን።