ዳንግላ ተቀምጦ ዓባይን መጻፍ

የመጽሐፉ ርእስ፦ ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ (በእንግሊዝኛ የተጻፈ)
ደራሲ፦ ሮበርት ኧርነስት ቺዝማን
አሳታሚ፦ ማክሚላን፣ ለንደን፣ 1936
(«ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመናቱ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ስለ አዊ ከተሞች ታሪክ ለመጻፍ የተነሣ ሰው ውሎ አድሮ ይህን መጽሐፍ መግለጡ አይቀርም። ደራሲው ከ1925 እስከ 1934 በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የብሪታንያ ቆንስል ነበር፤ መቀመጫውም የአዊ ከተማ የሆነችው ዳንግላ። በቅሎ ጭኖ ወደ ጣናም ሆነ ወደ ዓባይ በረሃ ሲወጣ ቤቱ ዳንግላ ነበረች። በመጽሐፉ ርእስ ላይ የሰፈሩት ግን ሐይቁና ወንዙ ናቸው። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዲሉ፣ ደራሲውን ዘጠኝ ዓመት ያኖረችው ከተማ ከመጽሐፉ የደረሳት ድርሻ ጥቂት ነው።

ይህን የምለው ሥራውን ለማጣጣል አይደለም። ስለ ጎጃም ውሃና መሬት በትዕግሥት የተጻፈ፣ ዛሬም የሚጠቅም መጽሐፍ ነው። የምከራከረው በአጠቃቀሙ ላይ ነው፦ የውሃና የመልክዐ ምድር ምስክር ሆኖ ሲነበብ ጠንካራ ነው፤ የዳንግላና የአካባቢዋ ሕዝብ ታሪክ ሆኖ ሲጠቀስ ግን ይጎድላል። ሁለቱን ለይቶ ያላነበበ ሰው አዊን የወንዝ መንገድ አድርጎ ይጽፋታል።

ቺዝማን የተወለደው በ1878 ነው። ወደ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ በፊት በባግዳድ የብሪታንያው ከፍተኛ ኮሚሽነር የሰር ፐርሲ ኮክስ የግል ጸሐፊ ሆኖ ሠርቷል፤ በዓረቢያ በረሃ ስላደረገው ጉዞም በ1926 መጽሐፍ አሳትሟል። ከሁሉ በላይ ግን የአዕዋፍ አጥኚ ነበር፤ በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ የሰበሰባቸውን ወፎች በተመለከተ ከሌላው የአዕዋፍ አጥኚ ከስክሌተር ጋር በሙያው መጽሔት ጽፏል። ይህ ጠባዩ በመጽሐፉ ሁሉ ይታያል። ያየውን በቦታው መዝግቦ ማለፍ ይወዳል፤ የጀብዱ ወሬ ማብዛት አይወድም። አንባቢም የሚያምነው በዚሁ ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ብርታት የዓባይ ካርታ ነው። ወንዙ ከጣና ወጥቶ ጎጃምን ከቦ ሱዳን እስኪገባ ድረስ ያለው ሸለቆ በዓለም ካርታዎች ላይ በግምት የሚሰመር ነበር። በ1903 አሜሪካዊው ማክሚላን በጀልባ ሊወርድ ሞክሮ ጀልባዎቹ ገና ከመነሻው ተሰባበሩበት። ቺዝማን ሌላ መላ መረጠ፤ ውሃውን ትቶ በየብስ ሄደ። በደጋው ጠርዝ በበቅሎ እየተጓዘ፣ መውረጃ ባገኘበት ቁልቁል እየወረደ፣ እንደገና እየወጣ የወንዙን አካሄድ አስተካክሎ ሠራ። ውጤቱንም በ1928 በለንደኑ የጂኦግራፊ ማኅበር መጽሔት አሳወቀ። ዓባይን በጀልባ ለመውረድ ትልቁ ሙከራ የተደረገው ከዚያ አርባ ዓመት ቆይቶ፣ በ1968፣ በብሪታንያዊው መኮንን በብላሽፎርድ ስኔል መሪነት ነው።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር መነገር አለበት። ቺዝማን የወረደባቸው መንገዶች ሰው ያወጣቸው ናቸው። የጎጃም፣ የወለጋና የሸዋ ነጋዴ መልካዎቹን ያውቃቸዋል፤ ወንዙ የሚሻገርበትን ወር፣ ወባ የሚበረታበትን ጊዜ፣ በቅሎ የምትወርድበትንና የማትወርድበትን ገደል ለይቶ ያውቃል። እንግዳው መሣሪያና ወረቀት ይዞ መጣ፤ መሪው ደግሞ እውቀቱን ይዞ ከፊት ሄደ። ካርታው የሁለቱ ሥራ ሆኖ ሳለ በሽፋኑ ላይ የቀረው የአንዱ ስም ብቻ ነው። «ያልታወቀ ወንዝ» የሚለው አነጋገር እውነት የሚሆነው ለለንደን አንባቢ እንጂ ለመልካው ሰው አይደለም።

ሁለተኛው ብርታት ጣና ነው፤ ለእኔ መጽሐፉ ከፍ የሚለውም እዚህ ላይ ነው። ቺዝማን ከደንገል በተሠራው ታንኳ እየተሳፈረ ደሴቶቹን አንድ በአንድ ይጎበኛል። በዳጋ እስጢፋኖስ የነገሥታቱን አስከሬን ጉዳይ ይከታተላል፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዘርዐ ያዕቆብና የፋሲለደስ ስም ከዚህ ገዳም ጋር እንዴት እንደተሳሰረ ያነሣል። ስለ ታንኳው፣ ስለ ወይጦዎች የጉማሬ አደን፣ ስለ መነኮሳቱ አኗኗር የሚጽፈው ዓይኑ ቀረብ ብሎ ነው። ዓሣ በማጥመድና ደንገል በመጎንጎን የሚኖር ሰው ሥራውን እንዴት እንደሚሠራ ይታያል። የጣናን ማኅበረሰብ እንዲህ ያየ ደራሲ የዳንግላን ገበያ በዚያው ልክ ቢያይ ኖሮ ዛሬ ምን ያህል በጠቀመን ነበር!

ሦስተኛው ብርታት የዓባይ መነሻ የሆነው ግሽ ዓባይ ነው። ስፔናዊው ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ ምንጩን በሚያዝያ 1618 አየ፤ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በኅዳር 1770 ደረሰ፤ ብሩስ የመጀመሪያነቱን ክብር ለራሱ ለማድረግ ሲል የፓኤዝን ምስክርነት ለማስተባበል ብዙ ደክሟል። ለሁለቱም ምንጩ የሚገኝባት ሰከላ የረጅም ጉዞ መጨረሻ ናት። ለቺዝማን ግን የጎረቤት አገር ናት። ግልገል ዓባይ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ጣና የሚወርድበት ተፋሰስ ዳንግላን ያቅፋታል። ስለዚህ በእሱ አጻጻፍ የፉክክሩ ትኩሳት የለም፤ ምንጩን ከአገሩ ጋር አያይዞ የማየት እርጋታ አለ። በአካባቢው ነዋሪ መሆኑ የሠራለት ሥራ ይህ ነው።

ወደ ጉድለቱ እንምጣ። አዊ አገሩን የሚያውቀው በሰባት ቤት ነው፦ አንከሻ፣ አዘና፣ ባንጃ፣ ጫራ፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም። መሬት የሚቆጠረው፣ ዘመድ የሚጠራው፣ በየዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የሚሰባሰበው ፈረሰኛም ራሱን የሚያስተዋውቀው በዚህ ሥርዓት ነው። በቺዝማን መጽሐፍ አገሩ የሚደረደረው በውሃው መስመር ነው፦ ይህ ወደ ጣና ይፈሳል፣ ያ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ሰው የሚገባው መንገዱ ሲያገናኘው ነው። በዚህም ምክንያት ባለሥልጣኑና መነኩሴው ጎልተው ይታያሉ፤ አውንጊ የሚናገረው ገበሬ፣ ማር ይዛ ገበያ የምትወጣው ሴት፣ ከብት ነድቶ ቆላ የሚወርደው ወጣት ግን ከመንገዱ ዳር ይቀራሉ።

ይህ የዘመኑ ጠባይ ነው ተብሎ እንዳይታለፍ፣ ከእሱ መቶ ስልሳ ዓመት ገደማ ቀድሞ የመጣው ብሩስ ራሱ አዊ የሚገኝበትን የአገውን ሕዝብ ኢኮኖሚ አይቶ ነበር። ማሩን፣ ቅቤውን፣ ሰሙን፣ ቆዳውንና ከብቱን ተሸክሞ ጎንደርን የሚመግበው የአገው ሕዝብ እንደሆነ ጽፏል። በጥቂት ቀን የሚያልፍ መንገደኛ ያየውን ዘጠኝ ዓመት የኖረ ቆንስል የበለጠ ሊያሰፋው ይችል ነበር።

ሌላው በጥንቃቄ መነበብ ያለበት ፖለቲካው ነው። ብሪታንያ በዳንግላ ቆንስል ያስቀመጠችው ለወፍና ለካርታ አልነበረም። በ1902 ከዐፄ ምኒልክ ጋር በተፈረመው ውል ላይ የጣናን፣ የጥቁር ዓባይንና የሶባትን ውሃ የሚመለከት አንቀጽ አስገብታለች። ቺዝማን ሥራ በጀመረበት በ1925 በሱዳን የሰናር ግድብ ተጠናቀቀ፤ የገዚራ የጥጥ እርሻ ውሃ ይጠብቅ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ ብሪታንያና ጣሊያን ስለ ጣና ግድብና ስለ ባቡር መስመር ኢትዮጵያን ሳያማክሩ ደብዳቤ ተለዋወጡ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1926 ጉዳዩን ወደ መንግሥታት ማኅበር አቀረቡት፤ በ1927 ደግሞ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴን ወደ አሜሪካ ልከው ከጄ ጂ ዋይት ኩባንያ ጋር ስለ ግድቡ እንዲነጋገሩ አደረጉ። የቺዝማን በቅሎዎች በዓባይ ጠርዝ ይሄዱ የነበረው በዚህ ሁሉ መካከል ነው። ሥራው ከግል ጉጉት የመነጨ መሆኑን እቀበላለሁ፤ ይሁንና በዚያ ዘመን የተሠራ የዓባይ ካርታ የማንም ጉጉት ብቻ ሆኖ ሊቀር አይችልም። ዛሬ የጣና ውሃ ወደ በለስ ኃይል ማመንጫ በሚወርድበት፣ ጉባ ላይ ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. በተመረቀበት ጊዜ ላይ ሆነን ስናነብ ይህ ይበልጥ ይጎላል።

የመጽሐፉ የሕይወት ታሪክም ከኅትመቱ በኋላ ይቀጥላል። በወጣበት በ1936 ጣሊያን አዲስ አበባ ገባች። የሚተርከው ዘመን ራስ ኃይሉ ጎጃምን ከገዙበት ጀምሮ በ1932 ተሽረው ራስ እምሩ እስከተተኩበት ያለውን ሽግግር የሚሸፍን በመሆኑ፣ መጽሐፉ ከወረራው በፊት የነበረው ጎጃም የመጨረሻ ገጽ ሆነ። ቺዝማን ራሱ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በሱዳን የብሪታንያ የመረጃ ቢሮ ውስጥ የኢትዮጵያን ጉዳይ ይዞ ሠራ። በ1940 ክረምት የብሪታንያዊው መኮንን የሳንድፎርድ ቡድን ወደ ጎጃም ዘልቆ ፋግታ ላይ ሲሰፍር፣ በአካባቢው የአርበኞቹን ጦር ይመሩ የነበሩት ደጃዝማች መንገሻ ጀምበሬ ነበሩ። በኅዳር ሌላው ብሪታንያዊ መኮንን ዊንጌት ወደ አካባቢው በአውሮፕላን መጣ። በ1941 መጀመሪያ የጣሊያን ጦር እንጅባራንና ዳንግላን ለቆ ወጣ። በዳንግላ የተሰበሰበ የመንገድና የሰው እውቀት ለአዊ ነጻነት መዋሉ ደስ የሚያሰኝ ነው፤ ግን ነጻነቱን በደም የከፈሉት ሰዎች ታሪክ በዚህ መጽሐፍ የለም፤ ከሌላ ቦታ መፈለግ አለበት።

የሌላው ቦታ አንዱ ደጃችን ላይ ነው። ቺዝማን ወንዝ በሚለካበት ዘመን አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጎጃምን ትውልድ «ከዐባይ እስከ ዐባይ» ይመዘግቡ ነበር። አገሩ አንድ፣ ወሰኑም ያው ዓባይ ነው። አንደኛው ውሃውን ተከትሎ ዞረ፤ ሁለተኛው የሰውን ሐረግ ተከትለው ጻፉ። አለቃ ተክለ ኢየሱስ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ማን የትኛውን አገር እንደያዘ ይነግሩናል፤ የሸለቆው ጥልቀት ጉዳያቸው አይደለም። ቺዝማን ተቃራኒው ነው። ስለዚህ የዳንግላን ታሪክ የሚያስተምር መምህር ሁለቱን መጻሕፍት በአንድ ጠረጴዛ ላይ ቢያስቀምጥ፣ የአንዱ ዝምታ በሌላው ይሞላል።

መጽሐፉ ገና ያልተነካ ጥቅምም አለው። ቺዝማን ያየው የአዊ ደጋ ዛሬ መልኩን ቀይሯል። በፋግታ ለኮማና በባንጃ ኮረብታውን የሸፈነው ዲከረንስ ዘሩ ከአውስትራሊያ፣ ከሲድኒ ዙሪያ አገር የመጣ ግራር ነው፤ ከሰል ሆኖ ብዙ ቤተሰብ ሲያስተዳድር ቆይቷል። የትኛው ወፍ ቀረ፣ የትኛው ሸሸ፣ የትኛው ምንጭ ቀነሰ ብሎ ለሚጠይቅ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ከዘጠና ዓመት በፊት በዚሁ አካባቢ የኖረ የአዕዋፍ አጥኚ ማስታወሻ ጥሩ መነሻ ነው።

ፍርዴን ላጠቃልል። «ጣና ሐይቅና ጥቁር ዓባይ» በሚገባ የተሠራ፣ በጣና ገጾቹ የሚያስደንቅ፣ በዳንግላ ጉዳይ ግን ባለዕዳ የሆነ መጽሐፍ ነው። ዕዳው የሚከፈለው በአካባቢው ሰው ነው። በአማርኛና በአውንጊ ማብራሪያ የታጀበ እትም ያስፈልገዋል፤ በየገጹ ግርጌ ቺዝማን ያለፈበትን መንደር ስም የሚያርሙ፣ በየትኛው ቤት እንደሚገኝ የሚናገሩ፣ የመሪዎቹንና የአጋሰስ ነጂዎቹን ዘር የሚያውቁ የዳንግላ፣ የእንጅባራና የፋግታ ሽማግሌዎች ቃል ሊገባበት ይገባል። ሥራው አይዘግይ፤ መጽሐፉ በየቤተ መጻሕፍቱ ይቆያል፣ የሽማግሌው ቃል ግን ካልተጻፈ ከባለቤቱ ጋር ያልፋል።