ነፋስ በተንቀሳቃሽ ሥዕል

ነፋስ ራሱ አይሳልም፤ የሚሳለው ነፋሱ የሚያንቀሳቅሰው ነገር ነው። ይህን ጠንቅቀው ካወቁት ሥራዎች አንዱ የዋልት ዲስኒ ስቱዲዮ በ1937 እ.ኤ.አ. ያወጣውና ኦስካር የተሸለመው «አሮጌው ወፍጮ» የተሰኘው አጭር ፊልም ነው። ታሪኩ ይህን ያህል የሚወራለት አይደለም፤ በተተወ የነፋስ ወፍጮ ውስጥ የሚኖሩ አዕዋፍና እንስሳት አንድ የዐውሎ ነፋስ ሌሊት ያሳልፋሉ። ነፋሱን ግን እንመልከት። በመጀመሪያ ሸምበቆው ይወዛወዛል፤ ቆይቶ ወፍጮውን የያዘው አሮጌ ገመድ ይበጠሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ግዙፉ ጥርሳም መዘውር መዞር ጀምሮ የወፊቱን ጎጆ ሊደፈጥጥ የሚቃረበው። ቀላሉ ይቀድማል፣ ከባዱ ይዘገያል። የመብረቁ ብልጭታ ብቻ በዝቶብናል።

ዛሬ ተማሪዎቻችን ብሌንደርን በመሰለ በነፃ የሚገኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ባንዲራ ያውለበልባሉ። ለነፋሱ አቅጣጫና ኃይል ይሰጡታል፤ ኃይሉን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን መጠን ግን ዜሮ ላይ ይተዉታል። በዚህም ምክንያት ጨርቁ እንደ ቆርቆሮ ተገትሮ ይቀራል፤ ቅጠሉም ግንዱም በአንድ ቅጽበት ይጎነበሳሉ። እውነተኛው ነፋስ ግን ይነሣል፣ ይበርዳል፣ መልሶ ይነሣል። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ ግፊቱ 4 እጥፍ ስለሚሆን ትንሿ ለውጥ እንኳ በጨርቁ ላይ በግልጽ ትታያለች። ይህ የፊዚክስ ትምህርት ነው፤ ፕሮግራሙ ያሰላዋል እንጂ ለተማሪው አያስተምረውም።

ሥዕሉ ስለተንቀሳቀሰ ብቻ ሙሉ ነጥብ የሚሰጡ መምህራን አሉ። በዚህ አንስማማም። ተማሪው ኮምፒዩተሩን ከመክፈቱ በፊት ከክፍሉ ወጥቶ የባሕር ዛፉን ቅጠል፣ ቅርንጫፍና ግንድ ይመልከት፤ የትኛው ቀድሞ እንደሚንቀሳቀስ፣ የትኛውም ዘግይቶ እንደሚቆም በደብተሩ ይጻፍ። ነጥቡም ከዚያ ደብተር ይጀምር።