«ተንሳፈፈ»፦ የቃሉ ጠባይና የሙያ ቃል ሆኖ ሲያገለግል የሚያስከትለው ችግር

አንድ የቆየ ቃል ለአዲስ ጽንሰ ሐሳብ ሲታጭ በቅድሚያ ሊጠየቅ የሚገባው በተለመደው አገባቡ ምን ተሸክሞ እንደኖረ ነው። «ተንሳፈፈ» በምጣኔ ሀብትና በኮምፒዩተር ትርጉሞች እየተዘወተረ የመጣ ቃል ሲሆን፣ አጠቃቀሙ ከጠባዩ ጋር ሁልጊዜ የሚስማማ ሆኖ አላገኘነውም።

ከቅርጹ እንነሣ። መሠረቱ «ሰፈፈ» ነው። ጭስ ከጣራ ሥር፣ ጉም ከሸለቆ ላይ ሲረብብ «ሰፈፈ» ይባላል። በ1954 ዓ.ም. የወጣው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በዘፍጥረት ምዕራፍ 1 ቁጥር 2 ስለ መንፈስ የተናገረው በዚሁ ግስ ነው። ጠጅ ሲጣል ከላይ የሚወጣው የማር ሰም «ሰፈፍ» መባሉም ከዚሁ ዘር ነው። «ተንሳፈፈ» ደግሞ በ«አን-» እና በ«ተን-» ጥንድ ከሚረቡት፣ ማለትም ከ«አንጠለጠለ፣ ተንጠለጠለ» እና ከ«አንከባለለ፣ ተንከባለለ» ወገን ነው። በዚህ ምድብ «አን-» አድራጊውን ሲያወጣ «ተን-» ይሰውረዋል፤ ነገሩ በራሱ ይሁን በሌላ ኃይል መንቀሳቀሱን አይለይም።

በፍቺው በኩል ሦስት ነጥቦች ይታያሉ። አንደኛ፣ የሚንሳፈፍ ነገር የሚሸከመው ውኃ ወይም አየር ያሻዋል። ሁለተኛ፣ በፈቃዱ አይመራም፤ ዋናተኛ ይዋኛል፣ ግንድ ግን ይንሳፈፋል። በጣና ላይ የደንገሉ ታንኳ ይንሳፈፋል፣ ባለታንኳው ግን ይቀዝፋል። ሦስተኛ፣ ተቃራኒው «ሰጠመ» ስለሆነ፣ ተንሳፈፈ የተባለ ነገር ከመስጠም የዳነ ነው።

ችግሩ የሚነሣው ከዚህ ከሦስተኛው ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአሜሪካ ዶላር በተከታዩ ነሐሴ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ይህን ሁኔታ «ብር ተንሳፈፈ» ብሎ የሚተረጉም ሰው፣ ዋጋው የወረደውን ገንዘብ ከመስጠም የዳነ አስመስሎ ያቀርበዋል። ከዚህም በላይ «ተን-» አድራጊውን ስለሚሰውር ውሳኔው የማን እንደሆነ ከዓረፍተ ነገሩ ይጠፋል። የገበያ ሸማች ኑሮውን የነካውን ውሳኔ የሚረዳው በትርጉሙ በኩል በመሆኑ፣ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም።

ሌላው ስሕተት «ማንሳፈፍ»ን ከ«ምንዛሪ ቅነሳ» ጋር ማደባለቅ ነው። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር የተዛወረው በመንግሥት በተወሰነ አኃዝ ነበር፤ ይህ ቅነሳ ነው። በ2016 ዓ.ም. ግን አኃዙን የመወሰን ሥራ ለገበያው ተለቀቀ። ውጤታቸው በብር ላይ ቢመሳሰልም አሠራራቸው የተለያየ ስለሆነ ስማቸውም ሊለያይ ይገባል።

በኮምፒዩተር ሙያ «ተንሳፋፊ ነጥብ» መባሉም አያጠግብም። በዚያ የቁጥር አጻጻፍ ነጥቡ በአኃዞች መካከል ቦታውን ይለውጣል እንጂ የሚሸከመው ነገር የለም። «ተዘዋዋሪ ነጥብ» ቢባል አሠራሩን በተሻለ ይገልጻል ብለን እናምናለን።

ቃሉ አስቀድሞ ተለምዷል የሚል መከራከሪያ ሊቀርብ ይችላል። መለመዱን አንክድም፤ ስለዚህም «ተንሳፋፊ ተመን» ከገበያው ጋር ከፍና ዝቅ የሚል ተመን ማለት መሆኑ እየተብራራ በስምነት ቢቆይ አንቃወምም። በግስነት ሲገባ ግን «ባንኩ ተመኑን ለገበያ ለቀቀ» ማለትን እንመርጣለን። እንዲህ ሲባል አድራጊው ይታወቃል፣ የተለቀቀውም ብሩ ሳይሆን ተመኑ መሆኑ ይለያል። «ተንሳፈፈ» ለግንዱ፣ ለታንኳውና ለእምቦጩ ይበቃል።